ጉትቻ ያንጠለጠለው ጅብ

በሁዳዴ ጾም ቢቸና ውስጥ ፎቶ ቤት መክፈት ማለት በኪራይ ቤት ቁጭ ብሎ ዝንብ ማባረር ማለት ነው። ሠርግ የለም፤ ሠርግ ከሌለ ቪዲዮ የለም። ያን ሰሞን ሥራዬ የሱቄን የፌስቡክ ገጽ ከፍቶ ማየት ነበር። ተከታዮቼ እኔ፣ ሚስቴና የሚስቴ እህቶች ነበርን።

አንድ ማለዳ ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ መኪና ጅብ ገጭቶ ገደለ አሉ። ካሜራዬን አንስቼ ሮጥኩ። የሞተ ጅብ ግን ማንን ያስደንቃል? ጅብ ያላየ ጎጃሜ የት ይገኛል! ጠቢቡ እኔ ታዲያ ወደ ቤት ተመልሼ የሚስቴን አንድ አርቴፊሻል ጉትቻ ከመስታወቱ ሥር አነሳሁ፤ በጅቡ ጆሮ ላይ በሽቦ አሰርኩና አሳምሬ ፎቶ አነሳሁት። ከሥሩም «ጉትቻዋ የጠፋባት ካለች ትምጣና ትውሰድ» ብዬ የሱቄን አድራሻ ጻፍኩ።

እኛ አገር ጉትቻ ያደረገ ጅብ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። ሸክላ የሚሠራ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ ነው፤ ሲመሽ ጅብ ይሆናል፤ ጌጡን ማውለቅ ከረሳ ይጋለጣል ይባላል። እኔ የተማርኩ ሰው ነኝና አላምንበትም። ሌላው እንደሚያምንበት ግን አሳምሬ አውቅ ነበር። ማስታወቂያ ማለት ይኸው አይደል?

በማግስቱ ገጼ ተጨናነቀ። ከመርጡለ ማርያም እስከ ደጀን ያልተቀባበለው ሰው የለም። አንዱማ ጅቡ ሲሞት «ወይኔ ልጆቼ!» እያለ ሲጮህ በጆሮዬ ሰምቻለሁ ብሎ ጻፈ። በሬ ወለደ ቢሉት ጥጃውን አሳዩኝ የማይል ሕዝብ! ጉትቻውን የሸጠልን የሞጣ ነጋዴ ብቻ ዕቃውን አውቆት ደወለልኝ። «ወንድሜ፣ ጉትቻው የእኔ ሱቅ ነው፤ ጅብ ግን ደንበኛዬ አይደለም፣ ወላሂ!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ሳቄ የቆየው እስከ ገበያ ቀን ነው። ቢቸና ገበያ ድስትና ጋን የሚሸጡ አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት አሉ። የእኛ ቤት ድስት ሁሉ የእጃቸው ሥራ ነው። ያን ቀን ገበያተኛው ድስታቸውን ትቶ ጆሯቸውን ያይ ጀመር። ጉትቻ አላደረጉም። አድርገውም አያውቁም። «ጠፍቶባት ነዋ!» ተብሎ ተፈረደ። ጅቡ ሞቶ ሳለ እሳቸው እንዴት በሕይወት ቆመው ድስት እንደሚሸጡ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። አንድም ሳይሸጡ ገቡ። በሚቀጥለው ገበያ ደግሞ አንዱ ጎረምሳ ጋናቸውን በእርግጫ ሰበረው።

ከዚያ ሱቄ ድረስ መጡ። በሩ ላይ ቆሙ እንጂ አልገቡም።

«አንተ ልጄ፣ ጅቡን ፎቶ ያነሳኸው አንተ ነህ አሉኝ። ጉትቻውን በዓይንህ አይተኸዋል?»

«እኔ ነኝ ያንጠለጠልኩት፣ እናቴ። የሚስቴ ነው። ሰው ሱቄን እንዲያውቅልኝ ብዬ ነው።»

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«እንግዲያው ይህንኑ ገበያ መጥተህ ተናገርልኝ» አሉ። «ሌላ እንጀራ የለኝም።»

መጀመሪያ ገጼ ላይ ጻፍኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ያ ነው፤ የሚስቴ እህቶች እንኳ አላነበቡትም። ስለዚህ በገበያው ቀን ሚስቴን ሌላኛውን ጉትቻ አስይዤ፣ ልጃችንን እንዳዘለች ይዣት ወጣሁ። እስከ ገበያው ድረስ ስትሰድበኝ ሄደች፤ እውነቷን ነው።

ከሸክላዎቹ መሃል ቆሜ ጮህኩ። «ጉትቻው የሚስቴ ነው! ይኸው ጓደኛው! የዋሸሁት እኔ ነኝ!» ሰው ተሰብስቦ ከንፈሩን መጠጠ። «ውይ ምስኪን! በልታው እኮ ነው የሚለፈልፈው» አለች አንዷ። ቡዳ የበላው ሰው ይለፈልፋላ! አንድ ሽማግሌ እየሮጡ መጥተው ጤና አዳም አፍንጫዬ ላይ ወተፉብኝ። በሕይወቴ አንዴ እውነት ብናገር መድኃኒት ታዘዘልኝ።

ሸክላ ሠሪዋ እናት ግን ከተቀመጡበት ተነስተው ወደ እኛ መጡ። «አንተስ የአቅምህን አደረግክ፣ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ሚስቴ ጀርባ ላይ ያለችውን ልጄን ጎንበስ ብለው አዩና ፊታቸው በራ። «እሰይ፣ ማርያም ታሳድጋት።»

እጄ ተነስታ የልጄን ፊት በነጠላ ሸፈነችው። ሳላስበው ነው ብል ማን ያምነኛል? ያ ጉትቻ ከየት እንደመጣ በዚያ ገበያ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። አፈርኩ። ልገልጠው ብዬ የነጠላውን ጫፍ ያዝኩት፤ አልገለጥኩትም። እሳቸውም እጄን አዩትና ዞረው ድስቶቻቸውን አህያቸው ላይ ይጭኑ ጀመር።