የሆራ ውሃ ለሁለት የባሕር ዓሦች

የዓሣ ገንዳ ውሃ መለካት ለንባብ የሚበቃ ነገር መሆኑን እጠራጠራለሁ። ሌላ ተማሪ ቢጽፈው እኔ ራሴ እስከ መጨረሻው የማነበው አይመስለኝም። ግን ሽታው እስካሁን ከአፍንጫዬ ስላልወጣ እጽፈዋለሁ።

ነቀምቴ ለትምህርት ስመጣ ያረፍኩት ኤሱማዬ፣ ማለትም የእናቴ ወንድም ቤት ነው። እኔም እንደ ልጆቻቸው «አዮ» የምላቸው ሚስታቸው ዳሌያቸው ተሰብሮ ሳሎን ውስጥ ተኝተው ነበር። ኤሱማዬ አዲስ አበባ ሊፈርስ ከነበረ ሆቴል የባሕር ዓሣ ገንዳ አምጥተው አልጋቸው ትይዩ አቆሙላቸው። ነጭ መቀነት የታጠቁ የሚመስሉ ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች ነበሩበት። በእነዚያ ወራት አዮን ሲያስቅ ያየሁት ነገር እነሱ ብቻ ናቸው።

በየቅዳሜው ውሃውን የምለካው እኔ ነበርኩ። «ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው እያለ እኔን ምን አገባኝ?» ይላሉ ኤሱማዬ። በትንሽ ብልቃጥ ውሃ እቀዳለሁ፣ ከገንዳው ጋር የመጣውን መመርመሪያ ፈሳሽ አንጠባጥባለሁ፣ አምስት ደቂቃ ጠብቄ ቀለሙን ከቀለም ካርዱ ጋር አስተያያለሁ። ቢጫ ከሆነ ደህና ነው። አረንጓዴ ከሆነ ዓሦቹን የሚመርዝ አሞኒያ አለ። የሚያንገሸግሸኝ ውሃ መቀየሩ ነበር። ቱቦውን በአፌ ስስበው አንዳንዴ የዓሣ ኩስ የሟሟበት ጨዋማ ውሃ ጥርሴ ላይ ይደርሳል።

ግንቦት ላይ ከገንዳው ጋር የመጣው የባሕር ጨው አለቀ። ኤሱማዬ ሲሬ አካባቢ ከብቶቻቸው ከሚጠጡበት ሆራ ሁለት ጀሪካን ውሃ አስመጡ። ሆራ ጨዋማ ምንጭ ነው፤ የጠጣ ከብት ይወፍራል፣ ጸጉሩ ያበራል።

«በሬ የሚያወፍር ጨው ለእነዚህ ጣት ለማያህሉት ያንሳል?» ብለው አንዱን ጀሪካን ገለበጡት።

እበት ከነገለባው ተንሳፈፈ። የከብት ለሃጭ ክር እየሠራ በመስታወቱ ላይ ወረደ። አፍንጫዬን መያዝ ነውር መስሎኝ በአፌ ተነፈስኩ። ያ ደግሞ ባሰ፤ ሽታው ምላሴ ላይ ተቀመጠ።

ስለካው ብልቃጡ የተጨመቀ ጎመን መሰለ። አብረዋቸው የሚጸልዩ እንግዶች አዮን ሊጠይቁ መጥተው ነበር።

«እሺ ዶክተር፣ ውሃዬ እንዴት ነው?» አሉኝ ኤሱማዬ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ብልቃጡን በመዳፌ ሸፍኜ «ደህና ነው» አልኩ።

«አላልኳችሁም!» አሉና ሁለተኛውንም ጀሪካን ጨመሩት።

በማግስቱ ጠዋት አዮ ጠሩኝ። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አንደኛው የታለ?»

ውሃውን የሚያዘዋውረው ፓምፕ ወንፊቱ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። ሳላቅቀው ቆዳው ተገፎ እንደ ንፍጥ ጣቴ ላይ ቀረ። እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠብኩ፤ ሽታው አልለቀቀኝም።

«ትናንት ውሸቴን ነው። አረንጓዴ ነበር» አልኳቸው።

«እሱን ፈርተህ ነው?»

«ደስ እንዲላቸው ብዬ ነው።»

«እኔ ግን አልጋ ላይ ሆኜ የማየው አንድ ብቻ ቀረኝ» አሉ። «ሂድ፣ ራስህ ንገረው።»

ነገርኳቸው። ኤሱማዬ ተቆጡ። «ካርድህ ነው ውሸታም! ከብቶቼ ስንት ዘመን ጠጡት!»

«እንግዲያው አንድ ብርጭቆ ጠጣልኝ» አሉ አዮ ከአልጋቸው።

ኤሱማዬ እልህ ይዟቸው ከገንዳው በብርጭቆ ቀዱ። አፋቸው ጋ አደረሱት። ፊታቸው ተጨማደደ፤ ብርጭቆውን መልሰው አስቀመጡና አዲስ አበባ ስልክ ደወሉ። ጨው በአውቶቡስ እንደሚላክ ተነገራቸው።

የቀረው ዓሣ ግን ጨው የሚጠብቅበት አቅም አልነበረውም። ክንፎቹ እየተበጣጠሱ፣ በነጭ ዝልግልግ ተሸፍኖ ውሃው አናት ላይ አፉን ይከፍት ነበር። አዮ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩታል። በየቀኑ ለካሁ፤ በየቀኑ አረንጓዴ ነው አልኩ፤ ማንም አላመሰገነኝም። ሲሞት ገንዳውን እንድደፋው ታዘዝኩ። ቱቦውን ስስብ አንድ ጉንጭ ሙሉ ጉሮሮዬ ውስጥ ገባ፤ ጓሮ ወጥቼ አስመለስኩ። ተመልሼ ቀሪውን አወረድኩት። ሐሙስ፣ ግንቦት 14 ቀን ነበር።