ያልጮኽኩት አራት

ሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነበር። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። አሁን የምጽፈውን ሚስቴ አታውቀውም፤ ልጆቼም አያውቁትም። ጸሎት ቤት ተንበርክኬ ለጌታ ነግሬዋለሁ፤ እሱንም በሹክሹክታ፣ አጠገቤ ያለው ሰው እንዳይሰማኝ ፈርቼ። ለሰው ሳወጣው ገና ዛሬ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ጽሕፈቴ ጠማማ ነው፣ ነገሩ ግን ከጽሕፈቴ ይብሳል።

የአንዲት ሴት ዓይን አጥፍቻለሁ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አጠፋው ተባለ፤ ሌላ ሰው ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ። እኔ ቆሜ አየሁ።

ያጠፋሁት በጎልፍ ኳስ ነው። አርባ ምንጭ ላይ ደግሞ ምን ጎልፍ አለ ትሉኛላችሁ። ነበረ። ከከተማው ሴቻ ሰፈር ወጣ ብሎ፣ ሐይቁ ቁልቁል ከሚታይበት ጫፍ ላይ፣ ውጭ አገር ብዙ የኖረ አንድ ኢንጂነር ሎጅ ያሠራ ነበር። ቤቱ ሳያልቅ መምቻውን አስቀደመ። መምቻው ሰው ሠራሽ ሣር የተነጠፈባት ትንሽ ቦታ ናት። እዚያ ትቆማለህ፣ ኳሷን በችንካር ላይ ታስቀምጣለህ፣ ጫፉ ብረት በሆነ ዱላ ወደ ታች ሜዳው ትመታለህ። እኔና አንጁሎ የግቢው ሠራተኞች ነበርን። ሣር እናጭዳለን፣ ኳስ እንለቅማለን። እሱ የገረሴ ሰው ነው። እኔ ዶርዜ ነኝ፤ ዓይኔ ደክሞ ሽመናውን እስክተው ድረስ ሸማኔ ነበርኩ።

ኢንጂነሩ ደግ ሰው ነበር። በምሳ ሰዓት እናንተም ምቱ ብሎ ፈቀደልን። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ ሳትጮኽ አትመታም። እሱ ሲጮኽ "ፎር!" ይላል። አንጁሎ ይህን ሰምቶ፣ "ይሄ ቁጥር ነው እኮ! ታች ያሉት ሴቶች በእንግሊዝኛ መቁጠር የት ያውቃሉ?" አለና ወደ አማርኛ መለሰው። ከመምቻው በስተቀኝ ያለው ጎድጓዳ ለሴቶቹ የተፈቀደ ነበር፤ ለላሞቻቸው ሣር ያጭዱበታል። ወርዶ፣ "አራት ሲባል ከሰማችሁ በሆዳችሁ ተኙ፣ ፊታችሁን ወደ መሬት" ብሎ አስተማራቸው።

"ለምን አራት? ሦስት ምን አጠፋ?" አለችው አንዷ።

"ሦስት ካልኩማ ላገባሽ ነው" አላት።

ሴቶቹ ተሳሳቁ። ኢንጂነሩ ኋላ ሲሰማ ቃሉ ቁጥር አይደለም፣ ተጠንቀቁ ማለት ነው ሊለን ፈለገ፣ ግን ሳቁ አላስቻለውም። ከዚያ ወዲያ እሱም "አራት!" እያለ ይመታ ጀመር። ያቺ ስለ ሦስት የጠየቀችው ማርታ ናት። ዓይኗ የጠፋው እሷ ናት።

አሁን ስለ ኳሱ ልንገራችሁ፤ ኃጢአቴ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

ኢንጂነሩ፣ "ቀጥ ያለ ኳስ ዕድል ነው፤ ሰው ማወቅ ያለበት መጠምዘዙን ነው" ይል ነበር። ኳስ ወደ ግራ ይጠመዘዛል፣ ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል። ነገሩ ያለው በሁለት ቦታ ነው፤ የዱላው ፊት ወዴት ያያል? ክንድህስ ወዴት ይሄዳል? ሁለቱ ከተስማሙ ኳሱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከተጣሉ በጠባቸው ልክ ይጠመዘዛል። ወደ ቀኝ እንዲጠመዘዝልህ ስትፈልግ እግርህንና ትከሻህን ወደ ግራ ታዞራለህ፣ ክንድህ በእግርህ መስመር ይሄዳል፣ የዱላው ፊት ግን መድረሻውን እንዳየ ይቆያል። ወደ ግራ ስትፈልግ የዚህን ግልባጭ ታደርጋለህ።

የኔ ኳስ ሁልጊዜ ወደ ግራ ነበር። የሽመና መወርወሪያ የለመደ እጅ መጨረሻ ላይ ይገለበጣል፤ ልከለክለው አልቻልኩም። የአንጁሎ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ነበር። ማን እንደመታ ዞሮ ማየት አያስፈልግም፣ ኳሱን ሰማይ ላይ አይተው ይለዩታል። ሴቶቹ እንኳ ያውቁ ነበር። አንጁሎ ሲመታ በቶሎ ይተኛሉ፣ እኔ ስመታ እየተጎተቱ።

አንጁሎ ይተርበኝ ነበር። "አንተ ግትር! ኳስህም እንዳንተ ናት፣ አንዱን መንገድ ይዛ ሙግት። በቀኝ በኩል አማትህ ቤት አለ እንዴ? እስቲ አንድ ቀን እንኳ ላካት!"

እስቃለሁ፣ በሆዴ ግን ይቆጠቁጠኝ ነበር። ያ ነው መነሻው። ትልቅ ምክንያት ትጠብቁ ከሆነ የለኝም። በስተርጅና በዱላ ጨዋታ ተበልጬ አኮረፍኩ፣ በቃ።

የዚያን ቀን አንጁሎ ጮኸ፣ ደጋግሞ መታ፣ ዱላውን አስቀመጠና እጁን ሊታጠብ ወደ ምግብ ማብሰያው ዞረ። ሴቶቹ ያበቃ መስሏቸው ተነስተው ወደ ሣራቸው ተመለሱ። አይቻቸዋለሁ። አላየሁም ብዬ አልዋሽም። አጎንብሰው ነበር። እኔ ለብቻዬ፣ ማንም ሳያይ፣ የቀኙን ልማር ፈለግሁ፤ ተምሬ አንድ ቀን በድንገት ላሳየው። ከጮኽኩ አንጁሎ ብቅ ይላል። ብቅ ካለ ሲያቅተኝ ያያል። ስለዚህ አልጮኽኩም። ደግሞስ የኔ ኳስ መች ወደ ቀኝ ሄዶ ያውቃል አልኩ።

እግሬን ወደ ግራ አዞርኩ። የዱላውን ፊት ወደ ቀኝ ከፈትኩት፣ አብዝቼ ከፈትኩት። መታሁ።

ኳሷ ተነሳች፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ትዞር ጀመር። በዚያች ቅጽበት የተሰማኝን ልንገራችሁ? ደስታ ነበር። ሆነልኝ አልኩ። እንደ ልጅ ደስ አለኝ። ከዚያ ወዴት እንደምትወርድ አየሁ።

ጊዜ ነበረኝ። ይህን ስሙኝ፣ ጊዜ ነበረኝ። ኳሷ ገና ሰማይ ላይ ነበረች። አራት አጭር ቃል ነው። አፌም ተከፍቶ ነበር። ከጮኽኩ ድምፄ ይታወቃል፣ ሳልጮኽ እንደመታሁ ሁሉም ያውቃል አልኩ። ከፍቼው የነበረውን አፌን መልሼ ዘጋሁት። እኔ ነኝ የዘጋሁት። የዱላውን ጥፋት እጄ ሳተ ልል እችላለሁ። አፌንስ ማን ዘጋው?

ማርታ አልጮኸችም። እዚያው ቁጭ አለች። የጮኹት ሌሎቹ ናቸው።

ዱላውን ቦታው መለስኩ። በሲሚንቶ መጋዘኑ ኋላ ዞሬ፣ በሌላ በኩል ከሠራተኛው ጋር ተቀላቅዬ ሮጥኩ። "ምን ተፈጠረ?" አልኩ። እኔ፣ ምን ተፈጠረ አልኩ! ማርታ ግራ ዓይኗን ይዛለች፣ በጣቶቿ መሃል ደም ይወርዳል። ኳሷ አጠገቧ ሣሩ ውስጥ ነበረች፣ በቀኙ ጎድጓዳ። ሁሉም አንጁሎን አየው። እጁ ገና ከውኃው አልደረቀም።

"ጮኼያለሁ! ጮኼያለሁ እኮ!" አለ።

"ቅድም ጮኸሃል" አለችው አንዷ እያለቀሰች። "ተነስተን ነው የመታኸን።"

ኢንጂነሩ በመኪናው ሐኪም ቤት አደረሳት። ዓይኗ ግን አልተረፈም።

ወንድሞቿ ዱላ ይዘው መጡ። ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መሃል ገቡና ነገሩ ወደ ዱቡሻ ሄደ። ዱቡሻ እኛ ጋ ሽማግሌ ተቀምጦ የሚያስታርቅበት ሜዳ ነው። እዚያ ውሸት አይነገርም። እዚያ የዋሸ ሰው ጎሜ ያገኘዋል። ጎሜ የተደበቀ ጥፋት ነው፤ በአፍ ካልወጣ ከቤት አይወጣም፣ ከአባት ወደ ልጅ ይሻገራል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ጸሎት ቤት ከገባሁ በኋላም ፍርሃቱ አልለቀቀኝም።

አንድ ሽማግሌ ወደኔ ዞረ። "አንተ አብረኸው ነው የምትውለው። ወደ ቀኝ የሚጠመዘዘው የማን ኳስ ነው?"

"የአንጁሎ ነው" አልኩ።

ዋሽቻለሁ? ቃሉ እውነት ነበር። እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ እውነት መሆኑን ያውቃል። ፊቴ ወደ እውነት ያያል፣ እጄ ወደ ውሸት ይሄዳል። እንዲህ ሲሆን ነው ኳስ የሚጠመዘዘው፤ ኢንጂነሩ አስተምሮኛል። በሕይወቴ እንደዚያች ቃል ያጠማዘዝኳት ኳስ የለችም።

ሽማግሌው አልተወም። "ሌላ ያየ አለ? የሰማ፣ የደበቀ አለ?" ብሎ ዙሪያውን አየ። ዓይኑ እኔ ላይ የቆየ መሰለኝ።

አንጁሎ መጀመሪያ ይሟገት ነበር። የዚያን ቀን ግን ደከመ። አንድ ጊዜ ጮኾ ብዙ ኳስ መምታቱን አሰበ፤ የመጨረሻዋ የት እንደወደቀች አለማየቱን አሰበ። እያሰበ፣ እያሰበ አመነ። ያላደረገውን እንዳደረገ ዓይኔ እያየ አመነ። እርጥቡን ሣር በሁለት እጁ ይዞ ማርታ ፊት ተንበረከከ። "እህቴ፣ ደግሜ መጮኽ ነበረብኝ። አልጮኽኩም። ይቅር በይኝ" አላት።

ማርታ ዓይኗ በጨርቅ ተሸፍኗል። ሣሩን ተቀበለችው። "ይቅር ብዬሃለሁ። አራትን ያስተማርከን አንተ አይደለህም እንዴ?" አለችው። ሁለቱም አለቀሱ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። እኔም አሜን አልኩ።

ይቅርታው እንዲህ ወጣ፣ ወዳልበደለው ሰው ሄደ። ታዲያ የኔን ከየት አመጣለሁ?

አንጁሎ ሥራውን ትቶ ገረሴ ገባ። ገበያ ስንገናኝ አቅፎኝ፣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ማርታ እንዴት ናት?" ብሎ ነው። ገብስ ሲያጭድ ይልክላታል። ያላደረገውን ተሸክሞ እንቅልፍ ይወስደዋል። እኔ ያደረግሁትን ሰው ላይ ጥዬ እንቅልፍ የለኝም። ማርታ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ፊቷን በሙሉ ታዞራለች፣ በቀኙ እንድታየኝ። "ጋሼ፣ ጤና ነዎት?" ትለኛለች። ጤና ነኝ እላለሁ።

ጤና አይደለሁም። ዘንድሮ ግራ ዓይኔ ጭጋግ ለበሰ። ግራው! ሐኪሙ ሞራ ነው፣ ይገፈፋል አለ። ልጆቼ ተነስ እንውሰድህ ይላሉ፣ እኔ እምቢ አልኩ። ግትር ነህ ይሉኛል። ግትርነት አይደለም ልጆቼ፣ ፍርሃት ነው። ቢገፈፍስ በሁለት ዓይኔ ማንን ላይ ነው? ከዚህ የበለጠ የምፈራው ደግሞ አለ። የልጄ ልጅ ራሴን አመመኝ ባለች ቁጥር ዓይኗን ነው የማየው።

ወጣት ነበርኩ አልልም፣ ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው ነው። አላወቅሁም አልልም። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም፣ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። ባለቤቶቹ በሕይወት አሉ፣ ዱቡሻውም አለ። መንገዱን እግሬ ያውቀዋል። እስከ ዛሬ ያልሄደው እግሬ ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ ጀምሬው ነበር። እርቁ በወረደ በማግስቱ፣ ማለዳ ተነስቼ ወደ ማርታ ቤት ወጣሁ። እነግራታለሁ ብዬ ነው የወጣሁት። መንገዱ በመምቻው በኩል ያልፋል። እዚያ ስደርስ ቁልቁል አየሁ። ሴቶቹ ሣር ላይ ነበሩ፤ ማርታም ነጩን ጨርቅ ዓይኗ ላይ አስራ መሃላቸው ነበረች። ላሟ መብላት አለባት፣ ምን ታድርግ?

መውረድ አቃተኝ። መምቻዋ ላይ ቆምኩ። ዱላ አልያዝኩም፣ ኳስ የለም። የቀረብኝ ጩኸት ብቻ ነበር። ባለኝ ድምፅ ሁሉ "አራት!" ብዬ ጮኽኩ።

ማጭዳቸውን ጥለው ሁሉም በሆዳቸው ወደቁ። እኔ ዛፉ ጀርባ ተደበቅሁ። ኳስ አልመጣም። አንድ በአንድ ቀና አሉ፣ ወደ ላይ አዩ፣ ተነሱ። ማርታ አልተነሳችም። ፊቷን ሣሩ ውስጥ ቀብራ፣ የቀረችውን አንድ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና፣ የምትወርደውን ኳስ ትጠብቅ ነበር።