ሸገር የሚለውን ስም ፍለጋ እስከ ገርጂ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ሰዓት እላፊው ሲያበቃ ነቅቼ፣ ከቀበሌ ሱቅ በኩፖን ያገኘሁትን ግማሽ ኪሎ ስኳር በመሐረብ ቋጥሬ ከኦሎምፒያ ተነሣሁ። መንገዴ ወደ ገርጂ ነው። ነገሩን ላጫውታችሁ። የሰፈራችን ዕድር አዲስ ድንኳን ገዛና ስም ይጻፍበት ተባለ። እኔ “ሸገር መረዳጃ ዕድር” ይባል አልኩ። ጸሐፊያችን አቶ መኮንን የተማረ ሰው ነው፤ ሳቀብኝ።

“ጋሽ ወልዴ፣ ይኼ እኮ የዱርዬ ቃል ነው! ለቅሶ ቤት ድንኳን ላይ ሸገር ብለን ልንጽፍ?”

ሰው ሁሉ አብሮት ሳቀ። እኔ ፊደል የለየሁት በስተርጅና፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ግን የጨዋ ስም ነው ብዬ ጸናሁ።

“የጨዋ ስም ነው ካሉ ምስክር ያምጡ፤ የፊታችን ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት” ብሎ አቶ መኮንን ነገሩን ዘጋው። ያ ቅዳሜ ዛሬ ነው።

አንድ ሰዓት፣ አውቶቡስ ውስጥ

አሥራ አምስት ሳንቲሜን ከፍዬ አንዲት ነርስ አጠገብ ተቀመጥኩ። “ልጄ፣ ሸገር ማለት ምን ማለት ነው?” አልኳት።

“ሸጋ ከሚለው የመጣ ነው አባባ። ሸጋ ከተማ ለማለት።”

ቲኬት ቆራጩ ከኋላ ሰምቶ፣ “የምን ሸጋ! ዝናብ በዘነበ ቁጥር ጫማ የምታስወልቅ ከተማ?” አለ። አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ። የሁለቱንም ቃል በእርሳስ ልጽፍ ደብተሬን አወጣሁ። አንዷን መስመር ሳልጨርስ ሩዋንዳ ፌርማታ አለፈን።

ሦስት ሰዓት፣ ገርጂ

ከቦሌ መጨረሻ በእግሬ ነው። ግራ ቀኙ የጤፍ ማሳ፣ በላዬ አውሮፕላን። አዴ ጫልቱ ከጓሯቸው ጎመን ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው። ድሮ ለቤቴ ወተት ያመጡልኝ የነበሩ፣ ሰማንያን የዘለሉ እናት ናቸው።

“ወልዴ! ወተቱ ዛሬ ነው ያለቀብህ?” አሉኝ።

ስኳሩን መርቀው ተቀበሉኝ፤ ቂንጬ በቅቤ ሳልበላ ግን ወሬ የለም። በልቼ ስጨርስ ሸገር የዱርዬ ቃል ነው መባሉን ነግሬ ጠየቅኳቸው።

“ከእናቴ ጋር እንጨት ተሸክመን ስንሄድ፣ ወዴት ናችሁ ሲሉን ሸገር ነበር የምንለው” አሉ። “አስፋልት የለ፣ የምትሉት ዱርዬም አልተወለደ። የአገሩ ስም ነው።”

“ትርጉሙስ አዴ?”

“ያማረ ማለት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ እንጃ። አባትህን አባቴ ያልከው የስሙን ትርጉም ጠይቀህ ነው? እኔ የማውቀው ሽማግሌ ሲመርቅ ሸገር ሰላም ትሁን ሲል ነው። የዱርዬ ቃል ምርቃት ውስጥ ይገባል?”

ደስ ብሎኝ ቃላቸውን ልጽፍ፣ አውራ ጣታቸውን ላስነካበት የማኅተም ቀለም አወጣሁ። ገፋ አደረጉት።

“ወረቀት የሚፈርመው አፍ የሌለው ነው። ከዘራዬን አቀብለኝ!”

ዘጠኝ ሰዓት፣ ዕድሩ ግቢ

መንገዱን ሁሉ አዴ አሥር እርምጃ ሄደው አንዴ ያርፋሉ። እኔም ልቤ ሰዓት ሰዓት ይላል። ፌርማታው ላይ ሰልፈኛው “እማማን አስቀድሙ!” ብሎ ባያሳልፈን አልቆልን ነበር። ግቢው በር ስንደርስ እሳቸው ለእረፍት ቆሙ፤ እኔ ቀድሜ ዘለቅኩ። አቶ መኮንን ስም ጠርቶ ጨርሶ መዝገቡን እያጠፈ ነው።

“ጋሽ ወልዴ፣ ምስክሩስ? ወረቀቱ የታል?”

“ወረቀቴ በከዘራ እየመጡ ነው” አልኩት።

አዴ ገቡ። ማንንም ሳያነጋግሩ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። እንግዲህ እንዲህ ያሉ እናት ለምርቃት እጃቸውን ሲያነሡ ማን ይቀመጣል? ሰው ሁሉ ብድግ አለ።

“ልጆቻችሁ ይደጉ!”

“አሜን!”

“ድንኳኑ ለሠርግም ይተከል!”

“አሜን!”

“ሸገር ሰላም ትሁን! ሸገር የወለደችውን ታሳድግ!”

“አሜን!”

ከሁሉም ድምፅ የጎላው የአቶ መኮንን ነበር። መዳፎቹን እንደዘረጋ ቆሞ ቀረ። ያለውን አሁን ገና ሰማው መሰለኝ። ከዚያ ራሱ ሳቀ።

“አሜን ብያለሁ እኮ፤ ከእንግዲህ ምን አፍ አለኝ?” አለና መዝገቡንና እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋ። “ጋሽ ወልዴ፣ ስሙን እርስዎ ይጻፉት።”

ግቢው በእልልታ ደመቀ፤ ሲበርድ ቁጭ አልኩ። ሦስት ፊደል ናት። ቀስ ብዬ ጻፍኳት፤ አንድም ሰው ቶሎ በል አላለኝም።