ይድረቅ ሾርባውን የደበቀ ሰሞን

አማቼን ሠፈሩ የሚያውቀው «ይድረቅ» በሚለው ስም ነው። ስሙ የወጣለት ከገዛ አፉ ነው። ጎሚስታ ነው፤ የታክሲና የጭነት መኪና ጎማ ይለጥፋል፣ ይነፋል። ሹፌር ሁሉ ቸኩሎ ነው የሚመጣው። እሱ ግን የለጠፈውን እግሩ ሥር አስተኝቶ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ይድረቅ» ይላል። ተሳፋሪ እየጠበቀኝ ነው፣ ልቤን አታድርቀው ብለው ይጮሁበታል። ፊቱን እንኳ አያጠቁርም። ሙጫው ሳይዝ ንፋስ ከገባበት ልጥፉ ይነሣል፣ ጎማው መንገድ ላይ ይተነፍሳል፣ ሰው ይሞታል። ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ መኪና ሥር ተንበርክኮ ነው የተማረው።

ልጄን ሊያገባ የመጣ ቀን፣ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር እንዳይታየኝ እጁን ጉልበቱ መሀል ደብቆ ነበር የተቀመጠው። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነው። የተቀመጠበት ወንበር ይወላገድ ነበር፤ ሲሄድ ጎንበስ ብሎ ካርቶን አጥፎ ከወንበሩ እግር ሥር ሳይወሽቅ አልወጣም። ያን ቀን ልቤ ወደደው።

ባለፈው ክረምት ታዲያ ከሥራ ቦታው በሰው ትከሻ ተደግፎ መጣ። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ሐኪም ቤት አንጀቱ ተጠማዟል አሉን። ከፍተው ሲያዩት የተጠማዘዘው ክፍል ጠቁሮ ስለ ነበር ቆርጠው አወጡት፤ የቀሩትን ሁለት ጫፎችም አገጣጥመው በክር ሰፉ። ሐኪሙ ይህን ለልጄ ሲያስረዳ ይድረቅ አልጋው ላይ ሆኖ ይሰማ ነበር። ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተከለ። ሕመሙ መስሎኝ ነበር።

ወደ ቤት ሲልኩን የነገሩን ግልጽ ነው። ምግቡ ለስላሳ ይሁን፣ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ። እንቁላል፣ እርጎ፣ የተፈጨ ድንች፣ ዶሮ በደንብ የበሰለበት ሾርባ። ጥሬ ቅጠልና ባቄላ ለጊዜው ይቅርበት። ውሃ ይጠጣ፣ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይበል። ልጄ ስፌት ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ሐኪም ቤት እሱን ካስታመመችባቸው ቀናት በላይ ብትቀር ቦታዋን ሌላ ሰው ሊይዝባት ነው፤ ስለዚህ ጠዋት ወጥታ ማታ ስትገባ የባሏ ጉሮሮ ለእኔ ተተወ።

ምግቡን ሳቀርብለት በሁለት እጁ ይቀበለኛል። «እማማ፣ ምነው እንዲህ ተቸገሩ» ይለኛል፣ በተሰበረ ድምፅ። አማቱ ፊት ማላመጥ ስለሚያፍር እኔም መጋረጃውን ስቤ እወጣለታለሁ። ስመለስ ሳህኑ ባዶ ነው። ተመስገን እያልኩ አጥባለሁ።

ሰውየው ግን ከቀን ወደ ቀን ጠፋ። አንገቱ ቀጠነ። ሸሚዙ መስቀያ ላይ የተንጠለጠለ መሰለ። የልጅ ልጄ እንኳ አባቷ ጉልበት ላይ ተቀምጣ ቶሎ ወረደች፤ አጥንቱ ይወጋኛል አለች። ቁስሉን የምታጥብለት የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሚዛን ላይ አቆመችው፣ ዝቅ ብላ አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ቁስሉ ሥጋ አልሞላም፤ ከጠርዙ ፈዞ፣ እርጥብ እንደ ሆነ ቀርቷል። ወደ ጎን ወሰደችኝና ከላይ የምናየው እንዲህ ከሆነ የውስጡም ያሳስበኛል አለችኝ። የውስጡ ስፌት ካልያዘ እንደገና ሊከፈት ነው። ይህ ሰውነት ደግሞ ሁለተኛ ቢላዋ መቻሉን እሷም እርግጠኛ አልነበረችም።

እንዴት ቤት እንደ ደረስኩ አላውቅም። ጥፋቱን ከድስቴ ፈለግኩ። ሾርባው ቀጥኖ ይሆን? ዶሮው አርጅቶ ይሆን? እንቁላል ጨመርኩ፣ ወተት ጨመርኩ። እሱ ያው በሁለት እጁ ይቀበላል፣ ሳህኑ ያው ባዶ ይመጣል።

አንድ ቀን ላጥብ ማንኪያውን አነሣሁ። ደረቅ ነው። ሾርባ የነካው ማንኪያ እንዲህ አይሆንም። እጄ ላይ አገላብጬ አየሁት። በጓሮ ዞርኩ። የጎረቤታችን ውሻ ለወትሮው ይድረቅን ባየ ቁጥር ካልነከስኩ የሚል ነው፤ አሁን ግን የሕመምተኛው መስኮት ሥር ቁጭ ብሎ፣ ጅራቱን እየቆላ፣ ወደ ላይ ያያል። አምሮበታል፣ ሰብቷል።

ምን ልበል? ለአማች «የምቀቅለው ለውሻ ነው ወይ» አይባል ነገር። ለልጄ ብነግራት ሥራዋን ጥላ ትመጣለች። መሞት ፈልጎ ይሆን የሚል ሐሳብ መጣብኝና እንዳይመለስ በሥራ ተጠመድኩ፤ የታጠበውን ድስት መልሼ አጠብኩ።

በነጋታው ከይድረቅ የጎማ ሱቅ ጎን የሚሠራው በያጅ ሊጠይቀው መጣ። አፉ የማያርፍ ሰው ነው። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ድንች እልጥ ነበር።

«አንተ ይድረቅ፣ ሐኪሞቹ ንፋስ ወጣልህ ወይ እያሉ ሲለምኑህ ነበር አሉ» አለው። «እኔን በጠየቁኝ፣ በየቀኑ ደስ አሰኛቸው ነበር።»

ይድረቅ ሆዱን በሁለት እጁ ደግፎ፣ አታስቀኝ እያለ ሲያቃስት ሰማሁት። ከዚያ ድምፁ ወረደ።

«ንፋስ ሲወጣ የሚደሰት ሰው ያየሁት እዚያ ነው። እውነቴን ነው። ሁለቱን ጫፍ በክር ብቻ ነው ያገናኙት፤ ወዲያው ብላ ይሉኛል። እህል ከገባ ይወጠራል፣ ከተወጠረ ይለቃል። እስኪይዝ ድረስ ባዶውን ይረፍ ብዬ ነው። ውሃና ትንሽ ሻይ ይበቃኛል።»

«ሴትዮዋ የሚያመጡልህንስ?»

«እማማን እንዴት እምቢ እላለሁ? ጎንበስ ቀና ብለው ነው የሚሠሩልኝ።»

በያጁ እስከ መቼ ነው ታዲያ አለው። ይድረቅም ያልታወቀው እሱ ነው አለ።

የላጥኩት ድንች ከእጄ ወደቀ። ሰውየው አንጀቴን በላው። መሞት አልፈለገም፤ መሞትን ፈርቶ፣ ባወቀው መንገድ ራሱን እየጠበቀ፣ እያየሁት ሊሞትብኝ ነው።

ለቁስሉ ቀጠሮ ስንሄድ ነርሷ ፋሻውን ሳትፈታ አፌን ከፈትኩ። አማችነቱን ለጊዜው አስቀመጥኩት።

«ልጄ አይበላም። የምሰጠውን በመስኮት ለውሻ ነው የሚጥለው። አንጀቱ ጎማ መስሎታል፤ እስኪደርቅ እየጠበቀ ነው።»

ይድረቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጆሮው ቀላ። ነርሷ ትስቅበታለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልሳቀችም። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና የጎማ ልጥፍ እንዴት እንደሚይዝ ጠየቀችው። ሙጫውን፣ መፋቁን፣ መጠበቁን ነገራት፤ መጀመሪያ እየተኮላተፈ፣ ኋላ ግን በባለሙያ አፍ። እስኪጨርስ ሰማችው።

ከዚያ ባትበላም ባዶ አይሆንም አለችው። ሆድና አንጀት የራሳቸውን ፈሳሽ ቀን ከሌት ያፈልቃሉ፤ ጠብ ሳይል የዋለበት ቀን የለም። ስፌቱም ሐኪም ቤት ሳለ ተፈትኖ፣ ንፋሱ ወጥቶ፣ ሆዱ ለስልሶ ነው «ብላ» የተባለው።

«ጎማው ግዑዝ ነው፤ ካንተ ሙጫ በቀር የሚይዘው የለም» አለችው። «ያንተን ክሩ የሚይዘው ለጥቂት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የሚይዘው የሚበቅለው ሥጋ ነው። ከምን ይብቀል? ካልበላህ ከምን?»

ከመውጣታችን በፊት ለእኔ ምን ምን እንደምጠብቅ ነገረችኝ፤ ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ ሆዱ ጠንክሮ መነፋት፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም። አንዱን እንኳ ካየሁ ሳልውል ሳላድር ሐኪም ቤት ላደርሰው። መንገዱን ሁሉ እንደ ጸሎት እየደጋገምኩት ሄድኩ። እሱ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ ይራመዳል። ተቀይሞኝ ይሆናል ብዬ ጎን ለጎን መራመድ ፈራሁ።

ቤት ገብተን እንቁላል ለስለስ አድርጌ ሠራሁ፣ ከተፈጨ ድንች ጋር፣ ከቡና ሲኒ የማይበልጥ። አቀረብኩና እንደ ልማዴ መጋረጃውን ልስብ ስል ጠራኝ።

«እማማ፣ ዛሬ አይውጡ። እዚሁ ይቀመጡልኝ።»

የልጅ ልጄን በርጩማ ሳብኩና ተቀመጥኩ። ማንኪያውን ጫፉን ብቻ ሞላ። አላመጠ፣ አላመጠ፤ ውሃ እስኪሆን አላምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ዋጠ። ከዚያ መዳፉን ሆዱ ላይ አድርጎ አዳመጠ። እኔም ትንፋሼን ይዤ አዳመጥኩ። ደግሞ ጎረሰ። ትንሽ ቆይቶ ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ተንከባለለ፤ እኔ ድረስ ተሰማ። ማንኪያው አየር ላይ ቀረ።

«ቆነጠጠኝ» አለ። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ።

ግንባሩን ዳበስኩ፤ ቀዝቃዛ ነው። ይቅርታ ልጄ ብዬ ሆዱን ነካሁ፣ በሕይወቴ ያላደረግኩትን። ለስላሳ ነው። እጄን ሳላነሣ ጠበቅኩ። ከጣቴ ሥር ተላወሰ፣ ተንጎራጎረ፣ ወደ ታች ወረደ፣ ዝም አለ። ፊቱ ቀስ እያለ ተፈታ። እኔ ግን ገና አላመንኩም፤ ሳህኑን ለጊዜው ላንሣለት ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

«አይውሰዱት» አለኝ። «ቀዝቅዞም ቢሆን እጨርሰዋለሁ።»

መልሼ ተቀመጥኩ። ልጄ ከሥራ ስትገባ እንደዚያው ነበርን፤ ሁለታችንም ፈጥጠን አንዲት ትንሽ ሳህን እያየን። ቦርሳዋን ሳታወርድ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

«ምን ሆናችኋል?» አለች።

ይድረቅ ጉንጩን ሞልቶ፣ እኔው ፊት፣ እጁን አነሣላት።

«ቆይ» አላት፣ «እያላመጥኩ ነው።»