የውሃ ተራው ምስክር

ሰሞኑን ቧንቧ ውሃ ያላት የደሴ ቤቴ በእንግሊዝኛ ተሞልታለች። የልጅ ልጄ ሐያት ለፈተና እየተዘጋጀች ነው። ምንባቡን ታነብና ከሥሩ ላለው ዓረፍተ ነገር «እውነት»፣ «ሐሰት» ወይም «ኖት ጊቭን» ብላ ትመልሳለች። ይቺ ሦስተኛዋ ምንባቡ አልተናገረም ማለት ናት። ትናንት እርሳሷን ወረወረችው።

«እማማ፣ ሦስተኛዋ ልትጥለኝ ነው! ምንባቡ ሰውየው ሱቅ ከፈተ ይላል። ጥያቄው ሀብታም ነው ይላል። ሐሰት ብዬ ተሳሳትኩ።»

«ድሃ ነው ብሎሻል?»

«አላለም።»

«ታዲያ ሰውየውን ለምን ታደኸይዋለሽ? አላውቅም በያ!»

እሷ ሳቀች፤ እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ይህን ፈተና ግን ከደሴ ሥር ባለችው መንደራችን በገራዶ፣ በልጅነቴ ተፈትኜዋለሁ።

በጋ ነበር። የመስኖ ውሃ የሚደርሰን በተራ ሲሆን፣ ተራውን የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት ሼህ ሰይድ ነበሩ። አንድ ጠዋት በአጎቴ በይመር ተራ ቦዩ ተሰብሮ፣ ውሃው ወደ እትዬ ፋጡማ ሽንኩርት ሲፈስ ተገኘ። እትዬ ፋጡማ ባላቸው የሞተባቸው፣ የጓደኛዬ የዘይነባ እናት ናቸው። ሰረቁ ከተባለ በጋውን ሙሉ ተራቸውን ያጣሉ፤ ሽንኩርቱም ደርቆ ይቀራል። ያን ጠዋት ሣር አጭጄ በዚያ ያለፍኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ሽማግሌዎች ፊት አቆሙኝ።

«እትዬ ፋጡማ ዶማ ይዘው ቦዩ ዳር ቆመው አይቻለሁ» አልኩ። «እኔ ስደርስ ግን ውሃው ቀድሞ እየፈሰሰ ነበር። ሲሰብሩት አላየሁም።»

«ዶማውን ልታዝለው ነው የያዘችው?» አለ አጎቴ። ሰው ሁሉ ሳቀ። «ሰብራለች በይና ተቀመጭ!»

«አላየሁማ!»

«እንግዲያ አልሰበሩም በይ፣ ልጄ» አሉ እትዬ ፋጡማ። ዘይነባ ከኋላቸው ሆና በዓይኗ ትለምነኛለች።

«ወላሂ፣ እሱንም አላየሁም፣ እትዬ።»

ሼህ ሰይድ «ያየ ከሌለ ተራዋ አይነካም» አሉ።

ሽንኩርቱ ተረፈ። እኔን ግን ያመሰገነኝ የለም። አጎቴ ቤታችን መምጣቱን ተወ። ዘይነባ ቦዩ ዳር ስታገኘኝ «ሰው ሁሉ አሁንም እናቴን በጎን ያያታል። የለመንንሽ አንዲት ቃል ነበረች» ብላኝ ሄደች።

ከዚያ በፊት አትክልት ተሸክመን የደሴን ዳገት የምንወጣው አብረን ነበር፤ ከመቀነቴ የገብስ ቆሎ እየዘገንን፣ እየተሳሳቅን። ከዚያ ወዲያ እሷ ከሌሎቹ ልጆች ጋር ከፊት ትሄዳለች፤ እኔ ከኋላ ሳቃቸውን እየሰማሁ እከተላለሁ። ቆሎ ለብቻ ሲቆረጥሙት እንዴት እንደሚጮኽ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ዘይነባ አግብታ ኮምቦልቻ ወረደች፤ ዛሬም እዚያው ናት። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ተገናኝተን፣ እንደማታውቀው ሰው ሰላም ብላኝ አለፈች።

«ለጓደኛዎ ሲሉ አንዲት ቃል ቢሉስ ምን ነበረበት?» አለችኝ ሐያት፣ ይህን ሁሉ ስነግራት።

«ያላየሁትን?» ብዬ ጮኽኩባት።

ዛሬም ቢጠይቁኝ መልሴ ያው ነው። ኮምቦልቻም ቅርብ ናት፤ ብፈልግ ሚኒባሱን ከደጄ እሳፈራለሁ። ቃሌን ሳልለውጥ በየትኛው አፌ «ናፈቅሽኝ» እንደምላት ግን እስካሁን አላወቅሁም።