ዶክተሩ እንዳይከፋው

«ጥናት እንዲህ ይላል» የሚለኝ ሰው ያናድደኛል። ማን ጠየቀ? ማንስ አስተረጎመ? እኔ አስተርጓሚ ነበርኩና ነገሩን አውቀዋለሁ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ሆላንድ አገር፣ ሮተርዳም ከተማ፣ ዴልፍስሃቨን የሚባል ሰፈር ነበር የምኖረው። ሆስፒታል አጸዳለሁ፤ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ እዚያው በስደተኞች ላይ ለሚደረግ የደም ግፊት ጥናት አስተረጉማለሁ። ከታካሚዎቹ አንዱ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ የአገሬ ሽማግሌ ነበሩ። አባባ እላቸዋለሁ፤ ልጄ ይሉኛል። ሰው የላቸውም፤ እኔም የለኝም።

ክኒኑ ጠዋት ከቁርስ ጋር የሚወሰድ ነው። ሁዳዴ ገባ። አባባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንኳን ክኒን ውሃም አይቀምሱም፤ ጠዋት ካለፈ ደግሞ ክኒኑን ጭራሽ ተዉት። «ሕመምተኛ አይጾምም እኮ» ብላቸው፣ «ለፋሲካ እደርስበታለሁ» ብለው ሳቁብኝ።

ሐሙስ የጥናቱ ሐኪም ፊት ቀረብን። ወጣት ሆላንዳዊ ነው፤ ደግ ልጅ።

«አባባ፣ ክኒኑን በየቀኑ ወስደዋል ወይ ይላል» አልኩ።

«አዎን በይው፤ እግዜር ይስጠው።»

የደከመልህን ሰው «ያዘዝከውን ተውኩት» ብሎ ማሳፈር ለእሳቸው ነውር ነው። እኔስ በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው አጠገቤ ተቀምጠው «ዋሽተዋል» ልበል? ምላሴ ይቆረጥ! «ወስደዋል» አልኩት፤ ቅጹ ላይ ጻፈ። ጾሙ እስኪያልቅ በየሳምንቱ እንዲሁ አልን። ግፊቱ አልወርድ ሲለው ክኒኑን እጥፍ አደረገው።

ፋሲካ ሆነ። አባባ እንደ ቃላቸው በየጠዋቱ ቁርስ እየበሉ እጥፉን ክኒን ዋጡ። በአራተኛው ቀን ግፊታቸው ከልክ በላይ ወርዶ፣ ራሳቸውን አዙሯቸው ከደረጃው ወደቁ። ያገኘኋቸው እኔ ነኝ።

ሆስፒታል ጭንቅላታቸው ተጠቅልሎ ተኝተው እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ አለመዋጤን እንዳትነግሪው። ይከፋዋል።»

«እሺ አባባ» አልኩ። በሁለተኛው ቀን ዐረፉ።

ከቀብር በኋላ ሐሙስ ሲደርስ ቃሌን አፈረስኩ። ሁሉንም ለሐኪሙ ነገርኩት።  የሌሎቹን የአገሬ ሰዎች ቅጾች አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው።

«እነዚህስ?»

አንድ በአንድ አየኋቸው። ሁሉም ላይ «ወስደዋል» ይላል፤ ሁሉንም ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ።

«እነሱም ይጾማሉ» አልኩት።

ቅጾቹን ሰብስቦ የጥናቱን ማህደር ዘጋ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አባባ የፈሩት ደረሰ፤ ከፋው።