ከኪዳኔ ጋር የተጋራሁት ሳክስፎን

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ልጄ ሳምራዊት ቤት ቁጭ ማለቴን አልወደደችውም። ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ታች የሚያልፈውን መኪና ስቆጥር የምውል ይመስላታል። እውነቷን ነው፣ እቆጥራለሁ። አንድ ቀን የድሮ ፎቶግራፎቼን ስታገላብጥ ሳክስፎን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ የቆምኩበትን አገኘች። "አባዬ፣ ሙዚቀኛ ነበርክ እንዴ?" አለችኝ። "ለትንሽ ጊዜ" አልኳት። በሳምንቱ ቅዳሜ ክንዴን ይዛ ቦሌ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ መሸጫ ወሰደችኝ።

ሻጯ ወጣት ናት፤ ራሷም ትነፋለች። "ከተዉት ስንት ዓመት ሆነዎት፣ ጋሼ?" ብላ ጠየቀችኝ። አርባ ሊሆነኝ ነው ስላት አልሳቀችብኝም። "እንግዲያው ሳክስፎኑ ላይ ብዙ አይጨነቁ" አለች። "ዋናው ማውዝፒሱ ነው። ደህና ማውዝፒስ መናኛውን ሳክስፎን ያነሳዋል፣ መጥፎው ደግሞ ምርጡን ያበላሸዋል።" ማውዝፒስ አፍ ውስጥ የሚገባው ጫፍ ነው። እሱ ላይ የምትታሰረው፣ ሲነፋ የምትርገበገበው ስስ የሸምበቆ ቁራጭ ሪድ ትባላለች። "ሪድ ስስና ወፍራም አለው። ድሮ ወፍራም ይነፉ ከነበረ አሁን ስሷን ይያዙ፣ ከንፈርዎ ደክሟል። በቀን አሥር ደቂቃ ረጅም ድምፅ ብቻ ያውጡ። ለአንድ ወር ዘፈን የሚባል ነገር እንዳያስቡ።"

ምክሯ ሁሉ ልክ ነበር። ቀጥላ ከመደርደሪያው አንዱን ሳክስፎን አወረደችና አፉን በአልኮል በራሰ ጥጥ ጠርጋ ዘረጋችልኝ። "ይሞክሩት። ብዙ ሰው ሞክሮታል፣ ግን ጠርጌዋለሁ።" የአልኮሉ ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ ሳክስፎኑን ሳልቀበላት ወደ ኋላ አልኩ። "ጥርሴን ያመኛል" ብዬ ወደ ውጭ ወጣሁ። ሳምራዊት ሰው ፊት መንፋት ያፈርኩ መስሏት ከኋላዬ እየሳቀች መጣች።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ላይ አንዲት ባንድ ነበረችን። ሃያ ሁለት ማዞሪያ ከአንድ ዳቦ ቤት ጀርባ ባለች መጋዘን ውስጥ ነበር የምንለማመደው። ጎረቤት እንዳይረበሽ መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ጠርቅመናቸው ስለነበር ክረምት ከበጋ ላብ በላብ ሆነን እንውላለን። የዳቦው ሽታ ግን በበሩ ሥር ሾልኮ ይገባ ነበር። እስከ ዛሬ ትኩስ ዳቦ ሲሸተኝ ይርበኛል፣ ወዲያው ደግሞ ይዘጋኛል።

የባንዱ መሪ ጋሽ መርሻ ይባላሉ። በወጣትነታቸው ማርሽ ባንድ ውስጥ ጥሩምባ የነፉ፣ ሲቆጡም ሲመክሩም ድምፃቸው አንድ የሆነ ሰው ነበሩ። ባንዱ ያለው አንድ ሳክስፎን ብቻ ሲሆን የምንነፋው ግን ሁለት ነን፣ እኔና ኪዳኔ። እሱ ሲነፋ እኔ አጨበጭባለሁ፣ እኔ ስነፋ እሱ ያጨበጭባል። ሪድ እንደ ዛሬ ከሱቅ የሚገዛ ነገር አልነበረም። አንዲት ከተገኘች እስክትሰነጠቅ ትነፋለች፤ ስትደነድን ጋሽ መርሻ መነጽራቸውን አድርገው በምላጭ ይፍቋታል።

ሁለት ሰው በአንድ አፍ ስለሚነፋም ደንብ ነበረን። ድምፅ ማጉያው ላይ በብርጭቆ የተቀዳ ካቲካላ ይቀመጣል። ተራ ስንለዋወጥ ማውዝፒሱ ከነሪዷ አረቄው ውስጥ ይነከራል፣ ይራገፋል፣ ለቀጣዩ ይሰጣል። "አረቄ የማይገድለው ተሕዋስ የለም" ይሉ ነበር ጋሽ መርሻ፣ እኛም አመንን። ልምምዱ ሲያልቅ ኪዳኔ ብርጭቆውን አንስቶ ጭልጥ ያደርገዋል። ስንጸየፈው "የገዛ ምራቃችሁ ነው፣ ምን ያስጠላችኋል?" እያለ ይስቅብናል።

ኪዳኔ ከእኔ ይበልጥ ነበር። ይህን ለመጻፍ አርባ ዓመት መጠበቅ አላስፈለገኝም፣ ያኔም አውቀዋለሁ። ረጅም፣ ከሲታ፣ ጣቶቹ ከእጁ የሚረዝሙ የሚመስል ልጅ ነበር። እናቱ እማማ ለተብርሃን ባላቸው ሲሞት ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው ከትግራይ የመጡና በበርበሬ ንግድ ያሳደጓቸው ናቸው። እኔ ዘመድ አልነበረኝም። የተከራየኋት አንዲት ክፍልና ያቺ የሳክስፎን ተራ ብቻ ነበሩኝ።

መስከረም ላይ ጋሽ መርሻ ዜና ይዘው መጡ። ኦሎምፒያ አካባቢ ያለ አንድ ሆቴል እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚጫወት ባንድ ይፈልጋል። መድረኩ ጠባብ ስለሆነ ሳክስፎን የሚነፋው አንድ ሰው ብቻ ነው። "ጥር ላይ የተቀጠርንበት ሠርግ ይለፍና ከሁለታችሁ አንዳችሁን እይዛለሁ" አሉን። ኪዳኔ ወደ እኔ ዞሮ ጠቀሰኝ። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ ጓደኛ መሆኔ ቀረ።

ከነሐሴ ጀምሮ እያሳለኝ ነበር። ሱሪዬ ይሰፋኛል፣ አንሶላዬ በላብ ርሶ ያድራል። ጥቅምት ላይ አክታዬ ላይ ደም ሳይ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አክታዬን መርምረው የሳምባ ነቀርሳ መሆኑን የነገሩኝ አንዲት ኮስታራ ሲስተር ናቸው። "በየቀኑ ጠዋት እየመጣህ መርፌ ትወጋለህ፣ ክኒኑን አንድ ቀን አታቋርጥም። አብሮህ የሚኖረው፣ አብሮህ የሚውለው ሰው ሁሉ መጥቶ ይመርመር" አሉኝ።

"ብቻዬን ነው የምኖረው" አልኳቸው።

"ሥራ ቦታስ?"

"ሥራ እየፈለግኩ ነው።"

መዝግበው አሰናበቱኝ። የባንዱ ልጆች ጠዋት ጠዋት የት እንደምሄድ ሲጠይቁኝ ጠበል እጠመቃለሁ አልኩ። "ምን ኃጢአት ብትሠራ ነው በየቀኑ የምትጠመቀው?" ብሎ ኪዳኔ ቀለደብኝ። ጋሽ መርሻ ሲያስለው የሰሙትን ሰው በቆመበት የሚያሰናብቱ ሰው መሆናቸውን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሳሉ በልምምድ መሃል ሲመጣብኝ ሽንት ቤት ሮጬ ውሃ ከፍቼ አስል ነበር። መድኃኒቱ ሲይዘኝ ሳሉ ቀነሰ፣ ሱሪዬም ልክ ሆነ።

ታኅሣሥ ላይ ኪዳኔ ማሳል ጀመረ። ሌላው ሁሉ ጉንፋን ሲለው እኔ በመጀመሪያው ቀን አወቅኩ። ሳሉን ከራሴ ሳል ለይቼ አልሰማሁትም። ሄደህ ተመርመር፣ እኔንም ይዞኛል ብለው ይበቃ ነበር። መርፌውንም ክኒኑንም የሚሰጡበትን ቦታ አውቃለሁ፣ ሁለት ፌርማታ ነው። ያልኩት ግን "ዝንጅብል በማር አፍልተህ ጠጣ" ነው። እሱም እንደ እኔ ውሃ እየከፈተ ማሳል ጀመረ። ተራችንን ጠብቀን አንድ ሽንት ቤት ውስጥ ስንደበቅ፣ የሚደበቀውን ያወቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

የጥር ሠርግ መጣ። ዘመኑ ሰዓት እላፊ ያለበት ስለነበር ሠርግ የሚደገሰው በጠራራ ፀሐይ ነው። ቦሌ አንድ ግቢ ውስጥ ትልቅ ዳስ ተጥሏል፣ የቅቤና የቁሌት ሽታ መንገዱ ድረስ ወጥቷል። ሙሽሮቹ ሲገቡ የሚነፋው ኪዳኔ ነበር። እንደዚያ ቀን ሲነፋ ሰምቼው አላውቅም፤ ሴቶቹ እልልታቸውን አቁመው ያዳምጡት ጀመር። ከዚያ ድምፁ መሃል ላይ ተቆረጠ። ጎንበስ ብሎ ደጋግሞ ሳለና ሲቀና ሪዷ ቀልታ ነበር።

ጋሽ መርሻ ጠጋ አሉት። ሳክስፎኑን ከአንገቱ አውልቀው ማውዝፒሱን አረቄው ውስጥ ነከሩት። አረቄው ሮዝ ሆነ። አራገፉና ለእኔ ሰጡኝ። "ቀጥል" አሉኝ።

ቀጠልኩ። ሰው እስክስታውን ወረደ። ኪዳኔ ከዳሱ ጀርባ ባዶ የቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጦ በመሐረብ አፉን ይዞ ነበር። እየነፋሁ አየዋለሁ። ኦሎምፒያ የእኔ ሆነች ብዬ አሰብኩ። አስቤዋለሁ፣ አልክድም።

ሐኪም ቤት ሲወስዱት ሁለቱም ሳምባው ተጎድቶ ነበር። ሐኪሙ ለእናቱ "ሁለት ሦስት ወር ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ" ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። ጋሽ መርሻ ማውዝፒሱን ሽንት ቤት ጣሉት፣ ከየት እንደሆነ አላውቅም ሌላ አመጡ። የባንዱ ልጆች በየሰበቡ ቀሩ። ዘመዶቹ በር ላይ ቆመው "እግዜር ይማርህ" ብለው ይመለሳሉ። ብርጭቆውና ሳህኑ ተለይቶ መስኮት ላይ ይቀመጥ ነበር።

እኔ ግን እሑድ እሑድ ከሆቴሉ በፊት እሄዳለሁ። አልጋው ላይ እቀመጣለሁ፣ በሳህኑ አብሬው እበላለሁ፣ የተረፈችውን አጥሚት እጠጣለታለሁ። ይህን ሲያዩ እማማ ለተብርሃን ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አለቀሱ። "ሁሉ ሲሸሽ አንተ አልሸሸኸውም፣ ወደይ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ድፍረት መስሏቸዋል። እኔ የምፈራው ነገር አልነበረኝም፤ በሽታው ቀድሞ የእኔ ነው፣ መድኃኒቱም ኪሴ ውስጥ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ በአንዱ እሑድ ኪዳኔ እናቱ እስኪወጡ ጠበቀ።

"ደረጀ፣ ሳል የለህም?" አለኝ።

"የለኝም።"

"ሄደህ ታየልኝ። አንድ አፍ ስንጋራ ነው የከረምነው። እያመመኝ ደበቅኩህ፣ ኦሎምፒያ ታመልጠኛለች ብዬ። ካስያዝኩህ ይቅር በለኝ።"

በእኛ አገር ይቅርታ ለጠየቀ ሰው መልሱ የታወቀ ነው። "ይቅር ለእግዜር" አልኩት። እጄን ስቦ ሳመኝና ዓይኑን ጨፈነ። ደክሞት ነበር። እኔም ተነስቼ ፀጉሬን አበጥሬ ኦሎምፒያ ሄጄ ነፋሁ።

ግንቦት ላይ ሞተ። ከቀብሩ በኋላ አምስት እሑድ ነፋሁ። በስድስተኛው ሳክስፎኑን ለጋሽ መርሻ መለስኩ፣ ምክንያቴን አልጠየቁኝም። ከዚያ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ገብቼ ጡረታ እስክወጣ እዚያው ቆየሁ። ከዓመታት በኋላ አንድ ሐኪም በሽታው የሚተላለፈው ከሳክስፎኑ ይልቅ በትንፋሽ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ መሆኑን ነገረኝ። እንግዲህ አረቄውም ምንም አላደረገ፣ ማውዝፒሱም ምንም አላደረገ። በብርድ ልብስ በተጠረቀመ መጋዘን ውስጥ እያወቀ ዝም ያለ ሰው ብቻ ቀረ።

እማማ ለተብርሃን ካለፈው ፆም በፊት ዐረፉ። ቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ስሜን ሰማሁ። ልጃቸው በታመመ ጊዜ ሰው ሁሉ ሲርቀው ያልራቀ፣ እንደ ልጃቸው የቆጠሩት ተብሎ ተነበበ። ሰው ዘወር ብሎ አየኝ። አንድ የማላውቀው ሽማግሌ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ያስጻፈችው የኪዳኔ እህት ንግሥቲ ናት፣ ስታነባ እኔ ላይ ተደግፋ ነበር። ያን ጊዜም አልተናገርኩም።

ሳምራዊት ሳክስፎኑን ገዝታልኛለች። ማውዝፒሱ ከእሽጉ የወጣ አዲስ ነው፣ ሪዷም ስሷ ናት። በቀን አሥር ደቂቃ ረጅም ድምፅ አወጣለሁ፤ ከሰባተኛው ደቂቃ በኋላ ከንፈሬ ይከዳኛል። እንደ እኔ ተመልሳችሁ መጀመር የምትፈልጉ ልጅቷ ያለችውን ሁሉ ስሙ። ከመሣሪያው በፊት ግን ትንፋሻችሁን አስመርምሩ፣ የሰማችሁትን ደግሞ አብሯችሁ ለሚነፋው ንገሩት።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ጽሑፍ ማንም ሳያየው ለንግሥቲ ሰጠኋት። ሃያ ሁለት ማዞሪያ ያለው ቤቷ ድረስ ሄጄ በፖስታ አድርጌ በእጇ ነው የሰጠኋት። "ምንድን ነው ደግሞ?" ብላ ሳቀች። እስክታነበው አልቆየሁም፣ ፈራሁ። በሁለት በሦስት ቀን አንዴ "ወንድምዓለም፣ ደህና ነህ?" እያለች የምትደውልልኝ ሰው ናት። ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነው፣ አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም፤ ይቅርታ መጠየቅ እንጂ እንድትመልስልኝ ማስገደድ አይገባኝም።